ቲሪክ ከወደብ እስክትወጣ

ዋንጋሬይ፣ ኒውዚላንድ
ነሐሴ 11 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.

ለማከብርዎት አክስቴ ለወይዘሮ ጄሚማ፤

ይህ ደብዳቤ በዓለም ወዲያኛው ጫፍ ያለችው የሼትላንድ ደሴትዎ ዋልሴይ ደርሶ እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የሞቀ፣ በጎችዎም የጠገቡ ሆነው እንዲያገኝዎት እመኛለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

እኔ ሮና ነኝ፤ የአጎትዎ ልጅ የሎውሪ ልጅ። አባቴ በሕይወት ሳለ በየገናው ካርድ የምትላላኩት ሁለታችሁ ነበራችሁ፤ እኔ ከግርጌው ስሜን ብቻ ነበር የምጽፈው። እሱ ካረፈ ይኸው ዓመት አለፈው። ካርድ የሚልክ ሰው ከጠፋ ዝምድናው በዚያው ይቀራል ብዬ ፈራሁና ብዕር አነሳሁ።

አምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ዕድሜዬ ያለፈው ላሞች ሳዋልድ ነው። ባለቤቴ ኬልቪን አናጺ ነው። አንድ ልጃችን አድጎ አውስትራሊያ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሸራ ጀልባ አለችን። ቲሪክ ትባላለች። ስሟን ያወጣላት አባቴ ነው፤ በናንተ አገር በሞቃቱ ወር የምትመጣዋ ነጭ የባሕር ወፍ ስም መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከገዛናት ጀምሮ ስንጠግናት ኖረናል። በመጪው ግንቦት፣ እዚህ የወጀቡ ወራት ሲያልፍ፣ ወደ ቶንጋ እንነሣለን። ከዚያ ወደ ፊጂ፣ ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ወደ ፈቀደው። ኬልቪን “ማን ያውቃል፣ አንድ ቀን ሼትላንድ ድረስ” ይላል። እንዲህ ሲል ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ጀልባዋ አሁን ከውሃ ወጥታ በመጠገኛው ግቢ ውስጥ በእንጨት ተደግፋ ቆማለች። ቅዳሜና እሑድ ከሥሯ ተጋድሜ ሆዷን ስፍቅ እውላለሁ። የጎረቤታችን ጀልባ ባለቤት ንጋይሬ የምትባል የማኦሪ ሴት ናት፤ ዕድሜዋን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። በደረሰች ቁጥር ጎንበስ ትልና፣ “ሮኒ፣ እንዲህ ስትፍቂ ስትፍቂ በወዲያኛው ወገን ልትወጪ ነው” ትለኛለች።

የምለምንዎት አንድ ነገር አለ። አባቴ ስለ ልጅነቱ ብዙ አያወራም ነበር። የተወለደበትን ቤትና የነበራችሁን ጀልባ የሚያስታውሱትን ያህል ቢጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

አክባሪዎ፣
ሮና


ዋልሴይ፣ ሼትላንድ
ጥቅምት 20 ቀን 1996

ለሮና ለሎውሪ ልጅ፤

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ። ጌታ ከክፉ ይሰውራችሁ። እኔ አለሁ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በነሐሴ ነው። እስከ ዛሬ ያልመለስኩልሽ ተናድጄ ስለነበር ነው። በንዴት የተጻፈ ወረቀት ያን ያህል መንገድ ሄዶ መድረሱ ደስ ስለማይለኝ እስኪበርድልኝ ጠበቅሁ። አሁንም እምብዛም አልበረደልኝም።

በዚህ ደሴት ሰው ባሕር የሚወጣው ለመብላት ነው። ለሽርሽር ወጥቶ የቀረ የለም፤ የቀሩት ሁሉ ሥራ ላይ ሆነው ነው የቀሩት። ባሌ ራስሚ በጥር ወር ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ፤ ጀልባዋም እሱም አልተመለሱም። የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነበርኩ። ዛሬ ሰባ ስድስቴን ይዣለሁ። አንቺ ቤት እያለሽ፣ ሥራ እያለሽ፣ የሰው ላም ሁሉ አንቺን እየጠበቀ፣ ምን ጎድሎሽ ነው? ልሰድብሽ አይደለም። መልስ ካለሽ ንገሪኝ።

አባትሽ የተወለደበት ቤት ጣራው ወድቋል። የወንድሜ ልጅ ማግኒ በጎቹን ያሳድርበታል። ጀልባዋ መቅዘፊያም ሸራም ነበራት። አባትሽ ባሕር ላይ ሆዱ ይታወክበት ነበር። ስለ ጀልባዋ ሌላ የምለው የለኝም።

ሁለተኛ ስለ ባሕር አትጻፊልኝ። ስለ ላሞቹ ጻፊልኝ። ባልሽስ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ጄሚማ


ዋንጋሬይ
ኅዳር 17 ቀን 1996

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤናዎን አብዝቶ ይስጥልኝ፤ ቁጣዎንም አልጠላሁትም። አባቴም ሲቆጣ እንደዚሁ በአጭሩ ነበር የሚናገረው፤ ደብዳቤዎን ሳነበው ድምፁን የሰማሁ መሰለኝ።

ስለ ባሕር አትጻፊልኝ ብለውኛል። እንግዲያው ስለ እንጨት ልጻፍ። ባለፈው ሳምንት ምሰሶዋ የቆመበትን ሥፍራ የሚመረምር ሰው አመጣን። በትንሽ መዶሻ እዚህም እዚያም ሲያንኳኳ ቆየና አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተለወጠ። እኔም ሰማሁት፤ የታመመ ሆድ ሲመታ እንደሚሰጠው ድምፅ ነው። ቢላ ሲያስገባበት እንደ እርጥብ ዳቦ ገባለት። ምሰሶውን ተሸክሞ የሚኖረው እንጨት ከውስጥ በስብሷል።

ዓይኔ በእንባ ሞላ፤ ቀና ብዬ ኬልቪንን አየሁት። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ኀዘን አልነበረም። ምን እንደነበር ያኔ አልገባኝም። “በቃ ለሚቀጥለው ዓመት ነዋ” አለ። “በግንቦት ይደርሳል” አልኩት። እሱም መሣሪያውን ሊያመጣ ሄደ።

ባሌ ምን ዓይነት ሰው ነው ላሉኝ፣ እንዲህ ያለ ነው። የተበላሸ ነገር ካገኘ አያርፍም። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ምግብም እሱ ነው የሚሠራው፤ እኔ የሠራሁትን ውሻችን እንኳ አሽትታ ነው የምታልፈው።

ምን ጎድሎሽ ነው ላሉኝ ደግሞ ብዙ አሰብኩበት። ምንም አልጎደለኝም። ሠላሳ ዓመቴ ላይ በሰው ጀልባ ወጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ከዓይኔ ጠፋ። አሁን ፍርሃት ይመጣል ብዬ ስጠብቅ፣ የመጣው ረኃብ ነው። ቁጭ ብዬ ግማሽ ዳቦ ጨረስኩ። እንዲያ ያለ ሰላም ከዚያ በፊት አላውቅም፤ ከዚያም ወዲህ ፈልጌዋለሁ። ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ሮና


ዋልሴይ
ጥር 26 ቀን 1997

ለሮና፤

አዲሱን ዓመት ጌታ የሰላም ያድርግልሽ፤ ለኬልቪንም ሰላምታዬን ንገሪ።

ደብዳቤሽን ካገኘሁ ቆየሁ። ከዋናው ደሴት የምትመጣው መርከብ በነፋሱ ምክንያት ተቋርጣ ሱቁ ባዶ ሆኖ ሰነበተ። ሰው ሁሉ ያለውን የደረቀ የበግ ሥጋ ሲቀቅል ከረመ። እኔም ዘንድሮ ከቤት እምብዛም አልወጣሁም። የግቢዬ በር የራቀብኝ ክረምት ነው። የማነደውን የሚያስገባልኝ ማግኒ ነው።

የበሰበሰውን እንጨት በምን ተካችሁት? ብሎኖቹ ነሐስ ናቸው ወይስ ብረት? ብረት ከሆኑ አውጥታችሁ ጣሉ። ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅሁሽ።

ሌላም ነገር ልበልሽ። ሸራ የሚሰበሰበው ነፋሱ ሲበረታ አይደለም። “ልሰብስብ ይሆን?” የሚል ሐሳብ ገና ብልጭ ሲልብሽ ያኔውኑ ተነሽ። ሐሳቡን ካመላለስሽው ዘግይተሻል።

ሹራብ ልሠራላችሁ ክር አስመጥቻለሁ። የሁለታችሁንም የደረትና የክንድ ልክ ላኪልኝ።

ጄሚማ


ዋንጋሬይ
የካቲት 23 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ፤

ነፋሱ ጋብ ብሎልዎት፣ ቤትዎም እንጀራ ሳያጣ እንደሰነበቱ ተስፋዬ ነው። እኔ ደህና ነኝ።

ብሎኖቹ ነሐስ ናቸው። እንጨቱም ካውሪ የሚባለው የዚህ አገር ዛፍ ነው፤ ከአሮጌ ድልድይ የተገኘ፣ ሚስማር የሚያጣምም። ቲሪክ ወደ ውሃ ተመልሳለች። ባለፈው ሳምንት እስከ ባሪየር ደሴት ወስጄ መለስኳት። በመመለሻው ነፋሱ ያልጠበቅሁትን ያህል በረታ፤ እርስዎ እንዳሉኝ ሐሳቡ ብልጭ ሲል ተነሥቼ ሸራውን ሰበሰብኩ። ጀልባዋ ወዲያው ጸጥ አለች። ምክርዎን ማን እንዳስተማረዎት ባውቅ ደስ ይለኛል።

ሥራዬን ለወጣት ሐኪም እያስረከብኩ ነው። ገበሬዎቹ አንድ በአንድ ይሰናበቱኛል። አንዱ ላሙን እያሻሸ፣ “ዶክተር፣ ከባሕር ላይ ስልክ አይሠራም አይደል?” አለኝ። “አይሠራም” ስለው፣ “ሰላም አገኘሽ በይኛ” አለ። ውሻችንንም እሱ ወስዷታል። መኪናው ውስጥ ዘልላ ገብታ ዞር ብላም አላየችኝ፤ የከፋኝ እሱ ነው።

የደረቴ ልክ ዘጠና ስምንት፣ ክንዴ ስልሳ ሳንቲሜትር ነው።

ሮና


ዋልሴይ
መጋቢት 16 ቀን 1997

ለልጄ ለሮና፤

ጌታ በምትሄጂበት ሁሉ ይቅደም። ይህን ከልቤ ነው የምልሽ፤ ቀጥሎ የምጽፈው ግን አይጥምሽ ይሆናል።

የሁለት ሰው ልክ ጠይቄሽ የአንድ ሰው ላክሽ። ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ ደግሜ አነበብኳቸው። በነሐሴ “እንነሣለን” ትያለሽ። በየካቲት “ወስጄ መለስኳት” ትያለሽ፤ ጀልባዋን ያለ ሰው ያወጣሻት ይመስል። ባልሽ ሞቶ ከሆነ ትነግሪኝ ነበር። እንግዲያው ሌላ ነገር ሆኗል። ለእኔ ለመንገር አትፈሪ፤ ከዚህ ሆኜ ማን ዘንድ ላወራው?

ማን አስተማረዎት ብለሽኛል። እንኪ መልሱን፤ ከዚያ አንቺም የራስሽን አምጪ።

በልጅነታችን ያቺን ጀልባ መሪዋን ይዤ የምሄደው እኔ ነበርኩ። አባትሽ ሸራ ይጎትታል፣ ሲያጥወለውለው ወደ ባሕሩ ያጎነብሳል፣ እኔ እስቅበታለሁ። አባቴ፣ “ጄሚማ ካልያዘች አልሄድም” ይል ነበር፤ ከወንድሞቼ ይልቅ በእኔ እጅ ነበር እንቅልፍ የሚወስደው። ራስሚን ሳገባ ተውኩት። ያገባች ሴት ጀልባ ላይ ምን ትሠራለች አሉ፤ እኔም እሺ አልኩ። እሱ ከቀረ በኋላ ደግሞ ባሕሩን በመስኮት ብቻ ነው የማየው። ከዚህ ደሴት አሻግሮ ወደ ለርዊክ ከተማ ገበያ በሚወስደው መርከብ ስሄድ እንኳ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ዓይኔን እጨፍናለሁ።

እንግዲህ በጥቅምት የተናደድኩት ለምን እንደነበር አንቺው ድረሺበት። የራስሚ ነገር ብቻ አልነበረም።

ሹራብሽ አልቋል። ሁለተኛውን በመካከለኛ ልክ ጀምሬዋለሁ፤ ለበረደው ሰው ይሆናል።

ጄሚማ


ዋንጋሬይ
ሚያዝያ 6 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ ለጄሚማ፤

እንደ እናት የምጠራዎት ሰው ሆነውልኛል፤ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ደብዳቤዎን ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጬ አነበብኩትና ብዙ ሳቅሁ፤ ከዚያም አለቀስኩ። እንግዲህ እውነቱን ልጻፍ።

ወደ ባሪየር የሄድነው ሁለታችን ነበርን። ነፋሱ ሲበረታ ኬልቪን ወደ ውስጥ ወረደ። አሞት አልነበረም። ሥራ ጨርሼ ገልመጥ ስል ወለሉ ላይ ተቀምጦ የጠረጴዛውን እግር በሁለት እጁ አቅፎታል። ቤት ገብተን ድንች ሲልጥ ነው የተናገረው።

“ሮኒ፣ እኔ የወደድኩት ጀልባዋን መሥራት ነው። መሄዱን አይደለም።”

“ከመቼ ጀምሮ?” አልኩት።

“ከመጀመሪያው።”

“ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?”

“በየዓመቱ የሚጠገን ነገር ይገኝ ነበራ” አለ። “ይጠገናል፣ ሌላ ይበላሻል። መነሻው ቀን በእውነት የሚመጣ አልመሰለኝም።”

ያኔ ነው በኅዳር እንጨቱ በስብሶ ሲገኝ ፊቱ ላይ ያየሁት ምን እንደነበር የገባኝ። እፎይታ ነበር። በንዴት ልብሴን ይዤ ወጣሁና ጀልባዋ ላይ ማደር ጀመርኩ። ቤቱን ጥዬ፣ ሰውየውን ጥዬ፣ ሁሉንም ጥዬ የምሄድ መስሎኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ጠዋት ወለሉ ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ኬልቪን መሣሪያውን ይዞ መጥቷል። ደህና አደርሽ እንኳ ሳይለኝ፣ “ከፊት ያለው መስኮት ውሃ ያስገባል” ብሎ ሥራ ጀመረ። በማግስቱም መጣ። ከዚያ ወዲህ ያልፈታውና መልሶ ያላጠበቀው ብሎን የለም። ትናንት እየሠራ ሳለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ “መሄድሽ ካልቀረ፣ የምትሄጅው እኔ በሠራሁት ላይ ነው” አለኝ። እንዲህ ያለ የፍቅር ቃል በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ሰምቼ አላውቅም። ቤት ተመልሻለሁ። ቤቱም አይሸጥም፤ እሱ ይኖርበታል። ጀልባዋ መልህቅ ጥላ በቆመችበት አገር ሁሉ በአውሮፕላን እየመጣ ሊያየኝ ተስማምተናል።

የቀረው መርማሪው ነበር። እዚህ አገር ጀልባ ወደ ውጭ ባሕር ስትወጣ ፈቃድ ያስፈልጋታል። ሚስተር ብሪግስ የሚባሉ ረጅም ሰውዬ መጥተው ከምሰሶው ጫፍ እስከ ውሃ መድፈኛው ሁሉንም አዩ። ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

“ጀልባዋ አልፋለች። አብሮሽ የሚሄደው ማን ነው?”

“ለጊዜው እኔ ብቻ ነኝ።”

“እንግዲያው አልፈርምም። አንቺ ስትተኚ ማን ሊያይ ነው?”

ንጋይሬ ከጎረቤት ጀልባ ገመድ እየጠቀለለች ትሰማ ኖሯል። “እኔ አለሁ” አለች ቀና ሳትል።

ሚስተር ብሪግስ ዞር ብለው አዩአት። “ከባሕር ዳር ርቀሽ ሄደሽ ታውቂያለሽ?”

“ከሟች ባሌ ጋር ሁለት ጊዜ ፊጂ ደርሻለሁ። ከዚያ የባሰ ግን ስልሳ ልጅ ጭኜ በዝናብ ቀን በጭቃ መንገድ ሄጃለሁ። እርስዎ ሞክረውት ያውቃሉ?”

ሰውየው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ፈረሙ። ከሄዱ በኋላ ንጋይሬ ወደ እኔ መጥታ፣ “አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምግብ አልሠራም፣ ስታለቅሽም አላባብልም። መሪ ግን ስትሰጪኝ አልለቅም። ደግሞ ብታመም መድኃኒቱን በሰው ልክ ነው የምትሰጪኝ፤ በላም ልክ እንዳይሆን” አለችኝ። ያ ሁለተኛው ሹራብ ባለቤት አግኝቷል ማለት ነው።

አሁን ተራው የእርስዎ ነው፣ አክስቴ። በጥር “የግቢዬ በር ራቀብኝ” አሉኝ። የሚነደውን የሚያስገባልዎት ማግኒ ነው። መርከቡ ላይም ከመኪናው አይወርዱም። የሚያነክስ በግና ላም ሳይ ዕድሜዬ አልፏል፤ በደብዳቤም ቢሆን አውቀዋለሁ። የትኛው እግርዎ ነው?

የግንቦት የመጀመሪያው ደህና ነፋስ ሲነሣ እንወጣለን። መልስዎን ሳላገኝ መሄድ አልወድም።

ልጅዎ፣ ሮና


ዋልሴይ
ሚያዝያ 17 ቀን 1997

ለሮና፤

ግራው ነው።

ዳሌዬ አልቋል ይላሉ። አውጥተው ብረት ሊያስገቡበት አበርዲን ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ቀጥረውኝ ሁለቴም ቀረሁ። ለማግኒ በጎቹ ሊወልዱ ነው አልኩት። ቀጠሮው በጥቅምት ነበር፤ እዚህ ደግሞ በጥቅምት የሚወልድ በግ የለም፤ ልጁ ግን ጨዋ ስለሆነ ዝም አለኝ። አበርዲን ለመድረስ ማታ ተሳፍሮ እስከ ጠዋት ባሕር ላይ መሆን ነው። አውሮፕላን አለ ይሉኛል። ከባሕሩ ጋር ቢያንስ እንተዋወቃለን።

ለግንቦት አጋማሽ እንደገና ቀጥረውኛል። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት ስልክ ደውዬ እመጣለሁ ብያቸዋለሁ። ፈርቻለሁ። አንቺም ትፈሪ ይሆናል፤ ባትፈሪ ደግሞ ዳቦ ብዪ።

ባልሽን አትቀየሚው። የማይወደውን ነገር ይህን ያህል ዓመት አሳምሮ የሠራ ሰው ነው። ያቺን ንጋይሬ የምትባለውን ሳላያት ወድጃታለሁ። ሹራቦቹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይመጣሉ።

አባቴ ጀልባ ስናወጣ እጁን መሪው ላይ ጭኖ የሚለው ነበረ፤ እኔም አሁን ላንቺ እለዋለሁ፦ ውጪ በሰላም፣ እዪው ሁሉን፣ ግቢ በሰላም።

ጄሚማ


ኔያፉ፣ ቶንጋ
ግንቦት 30 ቀን 1997

ለውድ አክስቴ፤

ይህ ደብዳቤ በእግርዎ ቆመው፣ ሕመምዎ ቀሎ ያግኝዎት። ደርሰናል። ሁለታችንም ደህና ነን፤ ቲሪክም ደህና ናት።

እንደ ደረስን መጀመሪያ የሄድኩት ፖስታ ቤት ነው። ሹራቦቹ እንደ ደረሱኝ የዚህን አድራሻ ልኬልዎት ነበር፤ ከእርስዎ ግን ምንም የለም። በማግስቱ ሄድኩ፤ ዛሬም ሄድኩ። ፖስታ ቤቷ ውስጥ የምትሠራው ሴት ከሩቅ ስታየኝ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች። ቀዶ ሕክምናው እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ የራሴን መተረክ ይከብደኛል፤ ግን ብተወው እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ።

ኬልቪን ገመዱን ከወደቡ ፈቶ የወረወረልኝ እሱ ራሱ ነው። አላለቀሰም፤ አንድ ብሎን በኪሱ ቀርቶበት ኖሮ፣ “የት የነበረ ነው ይሄ?” እያለ ሲጨነቅ አየሁት፤ ከዓይኔ እስኪርቅ ድረስ ብሎኑን እያገላበጠ ያይ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በሬዲዮ ይጠራናል፤ የአየሩን ትንበያ ያነብልናል፣ ቁርስ ምን እንደበላንም ይጠይቀናል።

የመንገዱን እኩሌታ እንዳለፍን ሰማዩ በደቡብ በኩል እንደ ሰሌዳ ጠቆረ። ሐሳቡ ብልጭ አለብኝ፤ ተነሣሁ። ንጋይሬ፣ “ገና ነው እኮ” አለችኝ። “ዋልሴይ ያለችው ሴትዮ ገና የሚባል የለም ብላለች” አልኳት። ትልቁን ሸራ ወደ መሐረብ መጠን ሰብስበነው ወደ ውስጥ ስገባ ነፋሱ ደረሰ። ቀኑን ሙሉና እስከ ማግስቱ ቀትር ነፈሰ። ሞገዱ ከኋላ ሲመጣ የቤት ጣራ ያህል ነበር። አንዱ ወደ ጎን ጣለንና ድስቱ፣ መጻሕፍቱና እኔ አብረን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ በረርን። አንድ የጎን አጥንቴ ተሰነጠቀ። ጨርቅ ጠምጥሜ አሰርኩት፤ ጥጃ እንዲህ ስናስር ይጮኻል፣ እኔም ጮኽኩ። ንጋይሬ ከላይ መሪውን ይዛ የእሑድ ትምህርት ቤት መዝሙር ትዘምር ነበር፤ ግጥሙን አታውቀውምና ያንኑ አንድ መስመር እየደጋገመች።

ያኔ ምሰሶው እግር ሥር ሄጄ እጄን አሳረፍኩበት። አዲሱ እንጨት ንቅንቅ አላለም። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ግን መሄዴን አልጠላሁትም። ሁለቱም አንድ ላይ ይኖራሉ፤ ያወቅሁት ነገር ይህ ነው።

ኬልቪን በነሐሴ ይመጣል። “መልህቁ በደንብ ይይዛል?” ብሎ አራት ጊዜ ጠይቆኛል።

እባክዎ ይጻፉልኝ። መጻፍ ካቃተዎት ማግኒ ይጻፍልኝ። አንድ መስመርም ይበቃኛል።

ልጅዎ፣ ሮና


ዋልሴይ
ሐምሌ 27 ቀን 1997

ለልጄ ለሮና፤

በሰላም ላስገባሽ አምላክ ምስጋና ይሁን፤ ለንጋይሬም፣ ለዚያ እንጨትም።

መዘግየቴን ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ ዋልሴይ ሲደርስ እኔ አበርዲን ነበርኩ። ቁስሉ አመርቅዞ ሳምንታት አስተኙኝ። ማግኒ ደብዳቤውን ይዞልኝ መጣና አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ አነበበልኝ። ስለ ሞገዱ ያለው ጋ ሲደርስ ቆመና፣ “አክስቴ፣ ይበቃናል?” አለኝ። “አንብብ” አልኩት። እሱ ይጻፍልሽ ዘንድ አልፈለግሁም፤ በራሴ እጅ ለመጻፍ ስል ነው ያቆየሁሽ።

ስሄድ የነበረውን ልንገርሽ። መርከቡ ላይ አልጋ ሰጡኝ። በር ዘግቼ ዓይኔን ጨፍኜ ተኛሁ። ከዚያ አንቺም በዚያው ሰሞን ውሃ ላይ መሆንሽ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ማግኒን ክንዴን ይዘህ ወደ ላይ አውጣኝ አልኩት። ምርኩዜን ተደግፌ ቆምኩ። ባሕሩ ያው ነው፤ ሽታውም ያው ነው። ራስሚን እዚያ ቆሜ አሰብኩት። መስኮቴ ሥር ቁጭ ብዬ ከማስበው ይልቅ እዚያ ሆኜ ሳስበው ቀለለኝ። እንዲህ እንደሚሆን ማን ቢነግረኝ አላምንም ነበር።

አሁን ያለ ምርኩዝ እስከ ግቢው በር ሄጄ እመለሳለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ማግኒን ትንሿን ጀልባህን ወደ ውሃ አውርዳት አልኩት። “ሐኪሙ ምን ይላል?” አለኝ። “ሐኪሙ ብዙ መቆም ነው የከለከለኝ፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ነው የምሄደው” አልኩት። ከጎረቤት ሰው ጠርቶ ተሸክመው እንደ ሣጥን አስገቡኝ። ከወደቡ እንደወጣን፣ “ወዲያ ጠጋ በል” አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ መሪውን አየ፣ እኔን አየ፣ ጠጋ አለ።

ሸራው ነፋስ ሲሞላ ጀልባዋ በእጄ ውስጥ እንደ በግ ጠቦት ተንፈራገጠች። ሠላሳ ሰባት ዓመት፣ ከዚያም በላይ፣ እጄ ምንም አልረሳም ኖሯል። እስከ ፊት ለፊቱ ደሴት ሄደን ዞርን። ከወደቡ ዓሣ የሚያወርዱት ሰዎች ሥራ አቁመው ያዩን ነበር። አንዱ፣ “ማግኒ፣ ጀልባህን ማን ሰረቀህ?” ብሎ ጮኸ። ማግኒ፣ “ባለቤቷ ተመለሰች” አለው።

ስለዚህ ጻፊልኝ፤ ስለ ባሕሩ። ስለ ላሞቹ ይቅርብኝ። ኬልቪን ሲመጣ መልህቁ መያዙን በዓይኑ አሳዪው፤ ከዚያ በኋላ እንዲያበስልልሽ አድርጊ።

ነገ ነፋሱ ከምዕራብ ይሆናል ብሏል ሬዲዮው፤ ደህና ነፋስ ነው። እንወጣለን። ማግኒ ገና አልሰማም።

ጄሚማ